የብሔር ጥናት ባለቤቱ ማን ይሁን?

በ1975 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት የሚባል ተቋም አቋቋመ። ምሁራን ተሰባስበው ማን የት እንደሚኖር፣ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር አጠኑ፤ በ1979 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሲረቀቅም የተቋሙ እጅ ነበረበት። ደርግ ሲወድቅ ተቋሙም አብሮ ፈረሰ። ሥራው ግን አልጠፋም። የሽግግር መንግሥቱ በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 7 ሀገሪቱን በ14 ክልሎች ሲያዋቅር፣ ኢንስቲትዩቱ የሰበሰበው የቋንቋና የአሰፋፈር መረጃ ከመነሻዎቹ አንዱ ሆኖ አገልግሏል። ደም ሲቃቡ የኖሩ ሁለት መንግሥታት በአንድ ጥናት ተጠቀሙ ማለት ነው። የተጠናው ሕዝብ ግን ጥናቱን አንብቦ፣ «እዚህ ላይ ተሳስታችኋል» ብሎ ተከራክሮ ሳይጨርስ ወሰኑ ታወጀ።

የብሔር፣ የማንነትና የግጭት ጥናት ማዕከል ያስፈልገናል የሚለው ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ይህ ታሪክ ይታወሰኛል። ሐሳቡን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ነገር ግን ማዕከሉ ወሰን የሚያሰምረው አካል አጥኚ ክፍል ከሆነ ባይቋቋም ይሻላል።

ምክንያቴን ለማየት ወደ ዎላይታ መሄድ ይበቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዎላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ በሚል ከአራቱ የተውጣጣ «ወጋጎዳ» የተሰኘ የመማሪያ ቋንቋ ተዘጋጀ። መቀራረባቸው ሐሰት አልነበረም፤ የቋንቋ ሊቃውንት ሁሉ የሚያውቁት ዝምድና ነው። የዎላይታ ሕፃን ግን የተሰጠውን መጽሐፍ ሲገልጥ እናቱ የምትናገረውን ቋንቋ አላገኘበትም። መምህራን ተቃወሙ፣ በተቃውሟቸውም ከየትምህርት ቤታቸው ተዛወሩ። በ1992 ዓ.ም. በሶዶ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ አራቱን ያቀፈው የሰሜን ኦሞ ዞን ፈረሰ፣ ዎላይታም የራሱን ዞን አገኘ። ይህ ሁሉ የሆነው ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም። የባለሙያው ዕውቀት አስቀድሞ ለተወሰነ ውሳኔ ማጽደቂያ ስለተፈለገ ነው። ወላጆችን አስቀድሞ ጠይቆ መልሳቸውን ይፋ የሚያደርግ ነፃ ተቋም ቢኖር ኖሮ፣ አንድም መጽሐፍ ሳይታተም ችግሩ በታወቀ ነበር።

«ሕዝቡን መጠየቅ ከሆነ ሕዝበ ውሳኔ አለን» የሚሉ አሉ። አዎ፣ በ1993 ዓ.ም. የስልጤ ሕዝብ ከጉራጌ የተለየ ማንነት እንዳለው በድምፁ አረጋግጦ የራሱን ዞን መሥርቷል፤ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሙግት በኮሮጆ ተቋጨ። በጎንደር አካባቢ በሚኖረው የቅማንት ሕዝብ የማንነት ጥያቄ ግን በመስከረም 2010 ዓ.ም. በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ቢካሄድም ደም መፋሰሱ አልቆመም። በ1987ቱ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ላይ ስሙ ሰፍሮ የነበረ ሕዝብ በ1999ኙ ቆጠራ ላይ ራሱን ሲያጣ የሚሰማውን ስሜት ኮሮጆ አይለካውም። ለመሆኑ የስልጤንና የቅማንትን ጉዳይ ምን ለያያቸው? መሬት ነው? የአመራር ሽኩቻ ነው? ከውጭ የገባ እጅ ነው? ሁሉም በየወገኑ መልስ አለው። ሁለቱንም ስፍራዎች ለዓመታት ተከታትሎ፣ ማስረጃውን አደባባይ አውጥቶ የሚያነጻጽር ቤት ግን የለንም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም አለው፤ በየዩኒቨርሲቲው ጥሩ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፎችም ይሠራሉ። ጽሑፎቹ መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ፣ ጸሐፊዎቹም ሥራ ፍለጋ ይበተናሉ።

እኔ ማዕከሉን ብመራ በመጀመሪያ የማስጀምረው ሥራ የሟቾች መዝገብ ነው። በሰሜን አየርላንድ የአልስተር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው የግጭት መዝገብ፣ በዚያ ግጭት የሞቱ ከ3,500 በላይ ሰዎችን በስም፣ በቀንና በቦታ ዘርዝሮ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ስፍራ አስቀምጧል። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም፣ ወታደሩም መንገደኛውም እዚያው አሉ። በእኛ ሀገር ግን የአንድ ወረዳ ጭፍጨፋ ሟቾች ቁጥር እንደ ተናጋሪው ይለያያል፤ አንዱ አሥር ሲል ሌላው መቶ ይላል፣ ሐዘንተኛው ደግሞ በሁለቱ መካከል የልጁ ስም ሳይጠራ ይቀራል። የብሔር ድምር ከመሠራቱ በፊት ስም ይመዝገብ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ቆጠራ ባልተካሄደባት፣ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ በተራዘመባት ሀገር ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ አስተዳደሩ ነው። ገንዘቡ ከአንድ ክልል ወይም ከአንድ ለጋሽ ብቻ መምጣት የለበትም። ዳይሬክተሩን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አይሹመው፤ የማንነትና የወሰን አቤቱታ የሚዳኘው እሱ ስለሆነ፣ ዳኛ የራሱን ምስክር መሾም አይገባውም። ምክር ቤቱ በአንድ አቤቱታ ላይ ሲወስን ግን የማዕከሉን ጥናት አብሮ እንዲያትም፣ ውሳኔው ከጥናቱ ከተለየም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስረዳ በሕግ ይገደድ። ጥናቱም ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ሌላ በተጠናው ሕዝብ ቋንቋ ይውጣ፤ ውሳኔው ከመሰጠቱ ቢያንስ ስድስት ወር ቀደም ብሎ በየቀበሌው ይነበብ።