ጅማ ላይ ውሃ በ100 አይፈላም

ስለ መፍያና መቅለጫ ሙቀት ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» ብሎ ዝም ማለቱ አልተመቸኝም። ባሕር ዳርቻ ላይ ከሆነ አዎ! ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ተማሪ እያለሁ በቤተ ሙከራ ቴርሞሜትሬ 94 ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ሲል «ተበላሽቷል» ተባልኩና ደብተሬ ላይ 100 ብዬ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ትክክለኛው 94 ነበር!

ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ መፍያው በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ባቄላ አልበስል ሲል ማገዶ መጨመርም ከንቱ ነው፤ ውሃው እየተንተከተከ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ክዳኑ እንፋሎት የሚያፍን ድስት ነው የሚያዋጣው።

የሴንቲግሬድን መለኪያ የፈጠረው ስዊድናዊው ሊቅ ሴልሺየስ ራሱ እኮ በ1742 (በፈረንጆቹ) መለኪያውን ሲያወጣ 0ን የውሃ መፍያ፣ 100ን በረዶ መሆኛ አድርጎት ነበር፤ በኋላ ነው የተገለበጠው።

ሌላው፣ ጽሑፋችሁ ውስጥ ባለው ሰንጠረዥ ላይ የሜርኩሪ መቅለጫ 39 ተብሏል። የመቀነስ ምልክቷ ወድቃለችና አስተካክሉት። በ39 ቢሆን ኖሮ ጅማ ውስጥ ያለ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ሁሉ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቀር ነበር።