ረጋ ያለ ድራማ ለቤት አይሆንም ያለው ማን ነው?

ስለ ፊልሞች ባወጡት ጽሑፍ ጸሐፊው «ረጋ ያለ ድራማ ሲኒማ ቤት እንጂ ሳሎን ውስጥ አይታይም» ያሉት አልተዋጠልኝም። ራሳቸው የጠቀሱትን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በካን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት ፓልም ዶርን ያገኘውን «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል»ን እንውሰድ፤ ባሏን ገድላለች ተብላ የተከሰሰች ሴት ታሪክ ነው። ባልና ሚስቱ የተጣሉበት የድምፅ ቅጂ በችሎት ሲሰማ፣ መጀመሪያ ጠቡን በዓይናችን እናያለን፤ ነገሩ ወደ ድብድብ ሲያመራ ግን ምስሉ ወደ ፍርድ ቤቱ ይመለስና ድምፁ ብቻ ይቀራል። ማን ማንን መታ? ይህን አቁሞ፣ ወደኋላ መልሶ መከራከር የሚቻለው ቤት ነው። እኔና እህቴ ቡናው በረካ ደርሶ እንኳ አልተስማማንም (እሷ ሚስትየዋን ፈርዳባታለች፤ እኔ አልፈረድኩም)። ጀርመናዊቷ ተከሳሽ ፈረንሳይኛው ሲያጥራት ወደ እንግሊዝኛ መሻገሯም፣ እንደ ሐዋሳ ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ ለሚኖር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በሰው ቋንቋ ራስን መከላከል ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን።

ሌላው ረጋ ያለ ድራማ «ፓስት ላይቭስ» መልካም ነው፤ የተወደሰውን ያህል ግን አልነካኝም።

የቶኪዮን የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች የሚያጸዳውን ሰው ኑሮ የሚያሳየውን «ፐርፌክት ዴይስ»ን ጸሐፊው መዝለላቸው ግን ያስቆጫል። ባለታሪኩ እምብዛም ስለማይናገር፣ የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ የማታነበው እናቴ እንኳ ያለ አስተርጓሚ እስከ መጨረሻው አይታዋለች። በሚቀጥለው ጽሑፍ የትኞቹ ፊልሞች የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ እንዳላቸው ቢጠቁሙን እናመሰግናለን።