ግድግዳው ነው የታመመው፣ እኔ አይደለሁም!

አከራዬ አሁን ወጣች። ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ነው ይሄን የምጽፈው። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

የሳሎኑን ግድግዳ ታውቁታላችሁ። ቡና ስንጠጣ «ምንድነው የሚሸተው?» ያላችሁበት። ዛሬ ሶፋውን ገፋ አድርጌ ያንን ባለ ወርቃማ አበባ ወልፔፐር ከጥጉ ሳብ ሳደርገው ሙሉው ተላጦ እጄ ላይ ቀረ። ከኋላው ጥቁር ሻጋታ። ከኮርኒሱ ጥግ እስከ ሶፋው መደገፊያ ድረስ። ልስኑ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። እኔና ልጄ ይሄን ሁሉ ጊዜ ይሄን ስንተነፍስ ኖረናል። ልጅቷ ሌሊት ሌሊት ስትስል «ብርድ ነው፣ ዳማከሴ አጠጫት» የማይለኝ አልነበረም።

እትዬ አከራይ ደግሞ ልክ በዚህ ሰዓት ቀለም ቀቢ አስከትላ ከች። ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ልታሳምር። እንደምን ዋልሽ የለ፣ ምን የለ።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«እኔ ምንም አላደረግኩም እትዬ፤ ከውስጥ ውሃ እየገባ ነው።»

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ከየት ይመጣል? ጣና ደረጃ ወጣ?»

ቀለም ቀቢው ሳቀ። ገና ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው በገዛ ቤቴ ሳቀብኝ።

«ከላይ ያሉት መታጠቢያ ቤት...» ብዬ ስጀምር አላስጨረሰችኝም።

«የላይኞቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ቤት አያያዝ ያውቃሉ። አንቺ ነሽ ልብስ ሳሎን የምታሰጪው። ወጥ ስትሠሪ መስኮት አትከፍቺ። እኔ ሳስረክብሽ የሙሽራ ቤት ነበር!»

ድምጿን ሆን ብላ ከፍ አደረገችው። የፊት ለፊቷ ጎረቤት በሯን ገርበብ አድርጋ ታዳምጣለች። ከዚያ የመጨረሻዋን ወረወረችልኝ። «ቤት መያዝ ካላወቅሽ እናትሽ ጋ መኖር ነበረብሽ። የወልፔፐሩን ትከፍያለሽ።»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ልጄ ቀሚሴን ይዛ ቆማለች። ዋጥኩት። አንጀቴ እርር አለ ግን ዋጥኩት። እዚህ ልናገረው እንጂ የት ልናገረው?

እትዬ፣ ያ ግድግዳ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር የሚዋሰነው ነው። የላይኞቹ ቧንቧ በውስጡ ይወርዳል። እነሱ ውሃ ባላቸው ሳምንት ይረጥባል፣ ውሃ በጠፋ ሳምንት ጠፈፍ ይላል። የእኔ ሽሮ ቢሆን ኖሮ በየቀኑ ይረጥብ ነበር፤ በየቀኑ እሠራለሁና።

ደግሞ በግምት አይደለም የማወራው። ወልፔፐር ባልተለጠፈበት በኮሪደሩ በኩል ቁራጭ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጌ ለጥፌ ነበር። እናንተም ሞክሩት፤ ዋጋው ምንም ነው። አንድ ሁለት ቀን ተዉትና እዩት። ጠብታው ከላስቲኩ ውጭ፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ እርጥበቱ ከእንፋሎትና ከትንፋሽ ነው፤ መስኮት ክፈቱ። ጠብታው ከላስቲኩ ስር፣ ግድግዳው ላይ ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው። የእኔ ከስር ነው። ከስር! ይሄን ልነግራት ነበር።

ወልፔፐሩንስ ማን ለጠፈው? እሷ ናት። እኔ ከመግባቴ በፊት፣ እድፉን ለመሸፈን። ፕላስቲክነት ያለው ወልፔፐር እርጥብ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግድግዳው መተንፈሻ ያጣል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ሻጋታው ከጀርባ ተደብቆ ይፋፋል። አሁን ደግሞ ቀለም! በጳጉሜ! የባሕር ዳር ዝናብ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ነው፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ግድግዳ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉም በላይ ውሃ የጠጣው አሁን ነው። አሁን የተቀባ ቀለም ለገና ተፈርፍሮ ወለል ላይ ይገኛል። ሁላችንም ግን በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ካልቀባን እንላለን። እባካችሁ እስከ ኅዳር ጠብቁ። ነፋሱ ይድረቅ። መጀመሪያ ፍሳሹ ይደፈን፣ የተበላው ልስን ተልጦ ይውጣ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀለም። በረኪና የላዩን ጥቁረት ያነጣዋል እንጂ ውሃው እስካለ ድረስ ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል።

አዲስ አበባ ያለችው ጓደኛዬማ ሌላዋ ናት። ፎቶ ስልክላት «ጂፕሰም አሠሪበት፣ ከኋላው ባለ ቀለም መብራት አድርጊበት፣ ይደበቃል» አለችኝ። ሁሉም ሰው መደበቅ ነው የሚያውቀው! ጂፕሰም ውሃ ይመጥጣል እኮ። መብራቱስ? የመብራቱን ነገር ለእኛ ሰፈር ሰው አልነግርም።

እዚህ ጣና ዳር የምንኖር ሰዎች ቤታችንን ከቲክቶክ እያየን ባናስጌጥ ደስ ይለኛል። የቺፑድ ቁምሳጥን ገዝቼ እግሩ ውሃ ጠጥቶ አብጦ በሩ አልዘጋ ብሏል። የእናቴ የዋንዛ ሳጥን ግን ስንቱን ክረምት አልፎ ዛሬም ይከፈታል ይዘጋል። ወፍራም ምንጣፍ እዚህ አገር ምን ይሠራል? እርጥበት ይዞ ይሸታል። የደንገል ምንጣፍ አለን፤ ሐይቃችን ዳር የበቀለ፣ የነገደ ወይጦ እጅ የሠራው። ቀላል ነው፣ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማራገፍ ይቻላል፣ ያምራል። እሱን ለቱሪስት ትተን ከሩቅ የመጣ ናይለን እናነጥፋለን። ቁምሳጥንና ሶፋም ግድግዳ ላይ አታጣብቁ፤ መዳፍ የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉለት፣ አየር ይዙር።

ሚስማሩስ! «ግድግዳዬን እንዳትበሺ» ብላኝ የመስኮት ወንፊት እንኳ ማሰር አልቻልኩም። አመሻሽ ላይ ትንኙ ከሐይቁ ይነሳል፤ መስኮት ብከፍት ልጄን ይበላታል፣ ብዘጋ ደግሞ «መስኮት አትከፍቺም» እባላለሁ። ብሎኬቱ ባዶ ሆድ ነው፤ ሚስማር ሁሉ ሾልኮ ይወድቃል። በድሪል ተበስቶ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ቢገባበት በሁለት ብሎን ያልቃል። ወጪውን በራሴ እችላለሁ ብያት ነበር። እምቢ።

ኪራይ ሲጨመር ግን ግድግዳው ደህና ነው። አዲሱ የአባይ ድልድይ በ2016 ሲመረቅ «ሰፈሩ አምሯል» ብላ ጨመረችብኝ። ድልድዩን እሷ የሠራችው ይመስል! በዚያው ዓመት የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ይሄን ሳነሳባት «ሕግ ካወቅሽ ሕግ ቤት ተከራዪ» አለችኝ። ውሉን እስከ ዛሬ በቃል ነው የያዝነው።

ልልቀቅ ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ደላላውን አስባለሁ። ዕቃ ማውረዱን፣ ጫኙን፣ የልጄን ትምህርት ቤት። ሌላው ቤትስ ከወልፔፐሩ ጀርባ ምን እንዳለው በምን አውቃለሁ? ውሃ ደግሞ የትም ሰፈር ያው ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ነው ነገሩ፤ ከቧንቧ ስንጠብቀው ጠፍቶ በግድግዳ ይመጣል። ደክሞኛል።

አንድ ነገር ግን ወስኛለሁ። የወልፔፐሩን አልከፍልም። ግድግዳው ራቁቱን ይቆያል፣ ሶፋው መሃል ቤት ይቆማል፣ በዓሉም እንደዚያው ሆኖ ይከበራል። ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ላስቲኩንም አልነቀልኩትም።

አባይ ማዶ አካባቢ የሚሠራ፣ የላይኞቹን መታጠቢያ ቤት ወለል ከፍቶ ቧንቧውን የሚያይ ሰው የምታውቁ ቁጥሩን በውስጥ ላኩልኝ። የቧንቧ ሠራተኛ ነው ያልኩት። ቀለም ቀቢ አትላኩልኝ።