ይድረስ ለክቡር ሞክሼ ርዕስ

ለክቡር ሞክሼ ርዕስ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባለፈው እሑድ በ23 ሰው ፊት ያዋረዱኝ መሆኑን ስለመግለጽ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ክቡርነትዎ አንድ ስም ይዘው ሁለት ሦስት መጽሐፍ ላይ እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። አንዱ ቤትዎ ልቦለድ ነው፣ ሌላው ሃይማኖት፣ ሌላው ሕክምና። ለአንዱም ኪራይ አይከፍሉም። በዚህ ኑሮ ውድነት እንዴት እንደቻሉበት ቢያስተምሩን ደስ ይለናል። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እኔ ዋሽንግተን ከተማ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። በወር አንድ እሑድ ቡና አስፈልተን ስለ መጽሐፍ የምናወራ አበሾች አለን። የዚህ ወር መጽሐፍ በቴሌግራም ተላከልን። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «የማይታየው ሰው። በእንግሊዝኛ ነው። አንብባችሁ ኑ።» በቃ። ደራሲ የለ፣ ዓመት የለ፣ የሽፋን ፎቶ የለ። ከሥሩ 17 አውራ ጣት ተደርድሯል። አንድ ሰው እንኳ «የማን?» ብሎ አልጠየቀም። እኔም 18ኛውን አውራ ጣት ጨመርኩ።

ስፈልግ መጀመሪያ የመጣልኝ የእንግሊዛዊው ደራሲ የኤች ጂ ዌልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የታተመ ስለሆነ የቅጂ መብቱ ካለፈ ቆይቷል። በነፃ ይነበባል፣ በነፃ ይደመጣል። ነፃ የሚል ቃል አይቶ የሚያልፍ አበሻ ካለ እጁን ያውጣ። ማታ ተረኛ ሆኜ፣ ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ፣ በሦስት ሌሊት ጨረስኩት። ማስታወሻም ያዝኩ። ቴሌግራሙ ላይ ጓደኞቼ «ኧረ ይሄ መጽሐፍ አያልቅም እንዴ?» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ በልቤ «ሰነፍ ሁላ» እላለሁ። የእነሱ ወደ 600 ገጽ እንደሚጠጋ ማን ይንገረኝ?

እሑድ ደረሰ። አቦሉ ቀረበ። አወያይዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና «ለመሆኑ ይህ ሰው ለምንድነው የማይታየው?» ብላ ጠየቀች። እጄን አወጣሁ። እስከዛሬ እጄን አውጥቼ አላውቅም።

«በኬሚስትሪ ነው» አልኩ።

ሰዉ ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። እኔም ደስ አለኝና ቀጠልኩ። «ደግሞ ከመጀመሪያውም በጣም ነጭ መሆኑ ጠቅሞታል።»

ክቡርነትዎ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ከማለቴ በፊት ሊያስቆሙኝ ይችሉ ነበር። የዌልሱ ባለታሪክ ግሪፈን አልቢኖ ለመባል ጥቂት የቀረው ሰው ነው። ሰውነቱ ቀለም ስለሌለው ራሱን የመሰወር ሙከራው ተሳካለት። መጽሐፉ ላይ ያለ ነው፣ ከኪሴ አላወጣሁትም። እነሱ ያነበቡት ግን ራልፍ ኤሊሰን በ1952 ያሳተመውን ነው። የኤሊሰን ባለታሪክ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ስሙ እንኳ እስከ መጨረሻው አይነገርም። የማይታየውም ሰዎች ሊያዩት ስላልፈለጉ ነው። እኔ እንግዲህ አሜሪካ ለሚኖሩ 23 አበሾች «ነጭነቱ ጠቅሞታል» ብዬ ያስረዳሁት ስለዚህ ሰው ነው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታውን የጥልቅ ሐሳብ ጸጥታ አድርጌ ወሰድኩት። ስለዚህ ጨመርኩበት። ትልቁ ስህተቱ በጥር ብርድ ራቁቱን መውጣቱ እንደሆነ ተናገርኩ። ከዚያ ማስታወሻዬን ገለጥኩና ራሴ ጥያቄ አቀረብኩ፦ «ድመቷ ላይ ሲሞክር ዓይኗ ሳይጠፋ ቀርቷል። ይህ ምንን ያመለክታል?»

አንዲት እናት «እኔ ድመቷን አላስታውስም፣ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ናት?» ብለው መነጽራቸውን አደረጉና መፈለግ ጀመሩ። እግዜር ይስጣቸው። ጎኔ የተቀመጠ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን ስልኩን አስጠግቶ ሽፋኑን አሳየኝ። «ጋሼ፣ ሌላ መጽሐፍ ነው መሰለኝ ያነበቡት» አለኝ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ግን ቤቱ ጸጥ ብሎ የለ? ሁሉም ሰማ።

ሳቁን አልገልጸውም። ቡና የምትቀዳው ልጅ ጀበናዋን አስቀምጣ ነው የሳቀችው። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ሳይንስ ልቦለድም እኮ ይነበባል» አለኝ። ቶናውን እንደምንም ዋጥኩ። በረካውን ሳልጠጣ ወጣሁ። በሕይወቴ በረካ ትቼ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ኬሚስቱ» ሆኗል።

ሰኞ ማታ የኤሊሰኑን ጀመርኩ።

መግቢያው ላይ ሰውዬው ጨለማ ውስጥ ከአንድ ነጭ ጋር ይጋጫል። ነጩ ይሰድበዋል። ከዚያ ስለ መኖሪያው ይነግረናል። ምድር ቤት ነው፤ 1,369 አምፖል አብርቶበታል። የመብራት አይከፍልም። እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። እኔ እኮ 11 ዓመት ሙሉ የሠራሁት ምድር ቤት ነው። ከመንገዱ ሁለት ወለል ዝቅ ብሎ። መኪና የሚያመጡት ሰዎች ቁልፍ ይወረውሩልኛል እንጂ ሰጡኝ አይባልም። ስልክ እያወሩ ነው የሚወረውሩት። ስድስት ዓመት መኪናውን ያቆምኩለት ሰውዬ አለ። የልጆቹን ወንበር ከኋላ አውቀዋለሁ፤ ሬዲዮው የትኛው ጣቢያ ላይ እንደሚቆም አውቃለሁ። ሱፐርማርኬት ውስጥ አግኝቼው «ሰላም» ስለው ጋሪውን ወደራሱ ሳብ አድርጎ አለፈኝ። ፈራኝ። እዚያ ቡና ላይ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ስለዚህ መጽሐፍ የሚናገረው ያለው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እጄን ባወጣ፣ እሷን አንድ ቀን ወስደህ ስለ ድመት ዓይን አስቀባጠርከኝ!

ይቅርታ። አንቱታው አመለጠኝ። መልሼም አላመጣውም።

ሁለቱን መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የምትለያቸው «ዘ» የምትባል ቃል ብቻ መሆኗን ታውቅ ነበር። ዌልስ አለው፣ ኤሊሰን የለውም። በአማርኛ አንዱን «የማይታየው»፣ ሌላውን «የማይታይ» ብንል ይለይ ነበር። ግን በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው ቴሌግራም ለሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ያለፈውንም ቢሆን አልረሳሁልህም። ወዳጄ እናቱ ሞተውበት ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ፣ ሬይመንድ ሙዲ በ1975 ያሳተመው «ላይፍ አፍተር ላይፍ» ያጽናናዋል ብዬ አዘዝኩለት። ሞት አፋፍ ደርሰው ስለተመለሱ ሰዎች የሚናገር ነው። የደረሰው ግን የኬት አትኪንሰን የ2013 ልቦለድ ነው። እዚያ ላይ ሕፃኗ ገና ስትወለድ ትሞታለች። እንደገና ተወልዳ እንደገና ትሞታለች። ወዳጄ ደውሎ «አመሰግናለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። በዚያው በ2013 ጂል ማኮርክልም በዚሁ ርዕስ ልቦለድ አውጥታለች። በአንድ ዓመት ሁለት! አታፍርም?

የበጀሃት ሰው ብትኖር ካናዳዊቷ ኤሚሊ ሹልትዝ ናት። በ2006 «ጆይላንድ» የሚል ልቦለድ አወጣች። በ2013 ስቲቨን ኪንግ በዚያው ርዕስ መጣ። የእሱ መጀመሪያ በወረቀት ብቻ ስለወጣ፣ በስልክ ማንበብ የፈለገው ሁሉ የእሷን ገዛ። ገዢው ተናደደ፣ ተሳደበ። እሷ ግን ገንዘቡ ሲገባላት ምን ምን እንደገዛችበት እየዘረዘረች ጻፈች። እሷ ገንዘብ አገኘች፤ እኔ «ኬሚስቱ»ን።

እንዳልከስህ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ርዕስን አይጠብቅም። ስም፣ ርዕስ፣ አጭር ሐረግ የማንም አይደለም ይላል። ይህንንም ታውቀዋለህ፤ ደረትህን ነፍተህ የምትሄደው ለዚህ ነው።

እኛ ሰዎችን ግን እይልኝ። ሞክሼ ስንገናኝ ቢያንስ «ሞክሼ!» ተባብለን እንሳሳቃለን። ፎርም ላይ ስም እንጽፋለን፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ የእናት ሙሉ ስም። እዚህ አገር ሐኪም ቤት «ላስት ኔም» ሲሉኝ የአባቴን ስም እሰጣለሁ፤ ነርሷ በአባቴ ስትጣራ እሳቸው ከመቃብር የሚነሱ ይመስለኛል። እህቴ አገር ቤት የላክሁላትን ገንዘብ ልትወስድ ሄዳ ሁለት ጊዜ ከመስኮት ተመልሳለች። ስሟ ላይ አንዲት «ኤች» ጎድላለች ተብሎ። አራት ሰዓት ተሰልፋ! የገዛ ወንድሟ ለላከላት ብር! አንተ በአንድ ስም በዓለም ስትዞር አንድ መስኮት ላይ «የአያት ስም?» ያለህ የለም።

መታወቂያ እንዳለህ አውቃለሁ። ጀርባህ ላይ ባርኮዱ ጋ የታተመችው የአይ ኤስ ቢ ኤን ቁጥር፤ ድሮ 10 አሃዝ ነበረች፣ ከ2007 ወዲህ 13 ሆናለች። ከሞክሼህ የምትለይህ እሷ ናት። ታዲያ ቡና ላይ ተቀምጦ «978 ምናምን እንዴት ነበር?» የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ?

ደብዳቤውን ልዘጋ ስል የሚቀጥለው ወር መጽሐፍ ተላከ። «ትዋይላይት» ይላል። በ2005 የወጣው የስቴፈኒ ሜየር ደም መጣጮች ይሁኑ፣ ወይስ ኤሊ ዊዘል ከናዚ እልቂት ስለተረፈ ሰው የጻፈው ልቦለድ፣ የሚታወቅ ነገር የለም። 19 አውራ ጣት ተደርድሯል። እኔ በዚህ ጊዜስ አልሞኝም ብዬ «የማን?» ስል ጻፍኩ።

እስካሁን አራት አውራ ጣት አግኝቻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ኬሚስቱ

ግልባጭ፦
ድመቷን ሲፈልጉ ለነበሩት እናት፤ ምዕራፍ 20 ላይ ናት።