የትራክተር እርሻ ውል፦ በወረቀት ወይስ በቃል?

በአርሲና በባሌ የስንዴ ወረዳዎች ባለይዞታው ማሳውን በሄክታር ዋጋ ተነጋግሮ በባለትራክተር ያሳርሳል። ስምምነቱ አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው፤ በመካከል ደላላ ይገባል። «ይጻፍ» እና «አይጻፍ» የሚሉ ሁለት ሰዎች እንዲህ ተከራክረዋል።

ባለማሳው፦ ስምምነታችን ሁልጊዜ «ሄክታሩን በዚህ ያህል» የሚል ብቻ ነው። ማሳው ስንት ሄክታር እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረስ፣ ማረሻው ምን ያህል እንደሚወርድ አንድም ቃል አይነሣም። ኦፕሬተሩ ናፍታ ለመቆጠብ ማረሻውን ከፍ ያደርገዋል። ማሳው ከላይ ሲታይ ጥቁር ብሎ ተገልብጧል፤ ብትር ይዘህ ስትወጋው ግን ግማሽ ስንዝር ሳይወርድ ጠጣሩ አፈር ያቆመዋል። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር መውረድ የሚችል የዲስክ ማረሻ እኮ ነው! ሥሩ ወደ ታች መሄድ ያቃተው ስንዴ ዝናብ ቀደም ብሎ ያቆመ ዓመት ከሁሉ በፊት ይጠወልጋል። ትራክተሩ የሚዞርበት ዳርና ማዕዘኑም ሳይነካ ይቀራል። እሱን በበሬ የምጨርሰው እኔ ነኝ፤ የምከፍለው ግን የሙሉ ማሳ ሒሳብ ነው።

ስፋቱም በእርምጃ ይለካና 4 ጥማድ (አንድ ሄክታር ገደማ) መሆኑን የምናውቀው ማሳ 5 ሆኖ ይመጣል። የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ደብተር የወሰደ ገበሬ የማሳው ስፋት ከነካርታው በእጁ አለ፤ ያን ቁጥር አንድ ገጽ ውል ላይ መገልበጥ ምን ያስቸግራል? ቀብድ ሰጥተን ትራክተሩ ወደ ትልቅ ማሳ ሲሄድብን ደግሞ የሰጠነውን ብቻ መልሰው ያሰናብቱናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የተወ ሰው እጥፉን እንዲመልስ ያዛል። ወረቀት ከሌለ ቀብዱን በምን አስረዳለሁ?

ባለትራክተሩ፦ ጋሼ፣ ላይ ላዩን ቧጥጦ የሚሄድ ኦፕሬተር መኖሩን አልክድም። በቃል የተደረገ ውልም ግን ውል ነው። ቁጥር 1719 የተለየ አጻጻፍ በሕግ ካልታዘዘ በቀር መስማማት ይበቃል ይላል። እኛ በአንድ ቀን የአምስት የስድስት ሰው ቁራጭ ማሳ እናርሳለን። ለያንዳንዱ ግማሽ ሄክታር ውል ጽፈን፣ ምስክር ጠርተን፣ ለማያነበው አንብበን፣ አውራ ጣት አስነክረን እስክንነሣ ጀምበር ትጠልቃለች።

ከሁሉ የምፈራው ቀኑን ነው። ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ) መሬት ዝናብ ከጠጣ ትራክተር አይገባበትም፤ ልግባ ካለም ይሰምጣል፣ አፈሩንም ጠቅጥቆ ያበላሸዋል። «ሰኞ» ብዬ ፈርሜ እሑድ ሌሊት ቢዘንብ ማን ይምረኛል? ሕጉ በቁጥር 1792 ከዐቅም በላይ የሚለው ሰው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውን ነገር ነው። በሰኔ ይዘንባል ብሎ ያላሰበ ባለትራክተር ደግሞ የለም። ናፍታ ማደያ ላይ ተሰልፈን የምናድርበትም ቀን አለ።

ክርክር ቢነሣስ? የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሲደርስ ዘሩ አልፏል። ሽማግሌ ግን እዚያው ማሳው ዳር ቆሞ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ስሙ የጠፋ ባለትራክተርም በዓመቱ ያን ቀበሌ አይረግጥም።

ባለማሳው፦ ስም መጥፋት የሚያስፈራው የአገር ልጅን ነው። የዛሬው ትራክተር ከሌላ ዞን በደላላ ይመጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ደላላውም ስልኩን ይዘጋል። ዝናቡን ከፈራህ ዝናቡን እዚያው ውሉ ላይ አስፍረው፦ «መሬቱ ካልጠነፈፈ ቀኑ ይሸጋገራል፤ ተራው ግን አይዘለልም።»

ደግሞም ወረቀቱ ላንተም ነው። ወንድምና እህት በውርስ የሚካሰሱበትን ማሳ አንደኛው ጠርቶ ቢያሳርስህ፣ እህትየው ቀበሌ ሄዳ ታስቆምሃለች። «ሁከት ይወገድልኝ» ብላ ስትከስስም ስምህ አብሮ ይነሣል። ትራክተሩ ቆሞ የዋለበትን ማን ይከፍልሃል? ደብተሩን ጠይቅ፤ የባልና የሚስት ስም ካለበት ሁለቱንም አስፈርም። ከዚያ በኋላ ማሳው ውስጥ ማን አስገባህ ብትባል የምታሳየው አለህ።

ባለትራክተሩ፦ ይህኛው ያሳምነኛል፤ በሰው ጠብ መሀል ማሽን ማቆም ኪሳራ ነው። እንግዲያው ስፋቱንና ጥልቀቱን እፈርማለሁ። ግማሹ ክፍያ የመጀመሪያው እርሻ እንዳለቀ፣ እርስዎ ብትሩን ወግተው ካዩ በኋላ ይሁን፤ ቀሪው መከስከሱ (የተገለበጠውን ጓል መሰባበሩ) ሲያልቅ። በምላሹ ድንጋይና ጉቶ ያለበትን ቦታ ባለማሳው ምልክት ያድርግበት፤ ያላሳየኝ ድንጋይ ዲስኬን ቢሰብር ወጪው የሱ ነው። ቀን ግን አልፈርምም። ተራ ከሆነ እፈርማለሁ።

ባለማሳው፦ ተራ ከሆነ ዝርዝሩ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ፤ በደላላ ስልክ የሚገለባበጥ ተራ አንቀበልም። የማውቀውን ድንጋይ አሳይሃለሁ። አፈር ውስጥ ተቀብሮ እኔም በበሬ ሳርስ ደርሼበት የማላውቀውን ድንጋይ ግን ብቻዬን አልከፍልም፤ እሱን እኩል እንካፈላለን።