ሙቀቱ የቆመው ኬላው ላይ ነው

የመመረቂያ ጥናት ሐሳብ ይዘው ከሚመጡ ተማሪዎች ጋር በየዓመቱ ያው ክርክር ይገጥመኛል። ወረቀቱ ሁሌም በቁጥር ይጀምራል፦ «መዳብ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 400 ዋት በሜትር በኬልቪን ሲሆን ግራፊን ግን እስከ 5000 ይደርሳል።» ግራፊን አንድ አተም ብቻ የሚወፍር የካርቦን ንጣፍ ነው። እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ «ስለዚህ ጥቂት ግራፊን ፕላስቲክ ውስጥ ብንጨምር» ይላል። እኔ የምጣላው ከዚህች «ስለዚህ» ጋር ነው።

ችግሩ የእውነት ችግር ነው። ፕላስቲክ ቀላልና ርካሽ ነው፣ እንደፈለጉት ይቀረጻል፤ ሙቀት ግን አላሳልፍ ይላል። ኤፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ሙጫ መሰል ፕላስቲክ አቅሙ በዚያው መለኪያ 0.2 ገደማ ነው። ለድስት እጀታ ይህ በረከት ነው፤ ለስልክና ለመኪና ባትሪ ግን ጣጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በየመንገዱ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ አያመልጡም። ብዙውን ጊዜ በባትሪውና በማቀዝቀዣው መካከል የሚገባው በብናኝ የተሞላ ለስላሳ ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ቁስ) ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በክብደት 1 በመቶ ካርቦን ናኖቲዩብ (በዓይን የማትታይ የካርቦን ቱቦ) የኤፖክሲን አቅም በ125 በመቶ እንዳሳደገ አሳይቷል። በዜና ርዕስ ላይ ሲያነቡት ያስደንቃል። ሲያሰሉት ግን 0.2 የነበረው 0.45 ሆነ ማለት ነው። አንዲት ናኖቲዩብ ለብቻዋ ስትለካ 3000 ገደማ ታስተላልፋለች። በሻካራ ስሌት፣ ያ 1 በመቶ በሁሉም አቅጣጫ ተበትኖ እንኳ ውጤቱ ወደ 10 መድረስ ነበረበት። የቀረው የት ገባ?

ኬላ ላይ። ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ሲነዱ በየመቶ ሜትሩ ኬላ ቢኖር መኪናው ፌራሪ ቢሆን ምን ይጠቅማል? እንዲህ ባሉ ቁሶች ውስጥ ሙቀት በዋናነት የሚጓዘው በአተሞች ንዝረት ነው። በጠንካራው ካርቦን ውስጥ የሚሮጠው ንዝረት ልል ከሆነው ፕላስቲክ ድንበር ሲደርስ አብዛኛው ይመለሳል። ሩሲያዊው ፒዮትር ካፒትሳ ይህን የድንበር መቋቋም በፈሳሽ ሂሊየም ላይ ያየው እ.ኤ.አ. በ1941 ነበር፤ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሳሙና መሰል ውህድ ባለበት ውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ ናኖቲዩቦች ድንበር ተለካ። ውጤቱን ወደ ፕላስቲክ ስንመነዝረው፣ አንዲት ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ገደማ ውፍረት ያላት ቱቦ 17 ናኖሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ጋቢ የደረበች ያህል ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ተማሪዎች ለማመን ይቸገራሉ፦ ብናኙ በደቀቀ ቁጥር ኬላው ይበዛል። ክብ ቅንጣት ራዲየሷ ከዚያ «ጋቢ» ውፍረት ካነሰ፣ የተሠራችበት ቁስ የቱንም ያህል ጥሩ አስተላላፊ ቢሆን፣ በስሌቱ መሠረት የፕላስቲኩን የማስተላለፍ አቅም ከነበረውም ዝቅ ታደርገዋለች። «ናኖ» የሚለው ቃል ብቻውን ምስጋና ሊሆን አይገባም።

ሌላው የሚያናድደኝ የአቅጣጫ ነገር ነው። ቦሮን ናይትራይድ የሚባለው ብናኝ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ ከካርቦን በተለየ፣ ባትሪ አጠገብ ሾርት አያደርግም፤ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ነገር ግን ቅጠል ቅጠል ነው። ሲጨመቅ እንደ እንጀራ ይነባበርና ሙቀቱን ወደ ጎን ይወስደዋል። እኛ የምንፈልገው ከታች ወደ ላይ እንዲሻገር ነው። ተመራማሪው ግን ወደ ጎን የለካውን ትልቁን ቁጥር ርዕስ ላይ ይሰቅለዋል።

ፋብሪካዎች እስከ ዛሬ በብዛት የሚጠቀሙት ርካሹን የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ብናኝ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሲሊኮኑን (የጎማ መሰሉን ፖሊመር) ይዘት በእሱ ይሞሉና ጥቂት ዋት ያገኛሉ። ከዚያ በላይ ሲጨመር ሊጡ ይጠጥራል፣ ክፍተቱ ውስጥ አልገባ ይላል፤ ያኔ የሚቀረው አየር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ይህ ዝና የሌለው ሥራ ነው። ቢሆንም የድንበሩን ኬሚስትሪ ማሻሻል፣ ትልቅና ትንሽ ቅንጣት መጥኖ ማቀላቀል፣ ቅጠሎቹን ቀጥ አድርጎ ማቆም ከአዲስ ተአምረኛ ብናኝ ፍለጋ ይበልጣል ባይ ነኝ። ለዚያም ነው ሐሳብ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ከመነሻው፦ ምን ያህል ጨመርክ፣ በየት አቅጣጫ ለካህ፣ ሊጡስ ይፈሳል ወይ የምለው።

አንዱ ታዲያ በቀደም መለሰልኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ተራ ፖሊኢትሊንን (የፌስታል ፕላስቲክን) እንደ ክር ስበው አቅሙን ወደ 104 አድርሰውታል፣ ያለ አንዳች ብናኝ፤ የሞለኪውሎቹ ሰንሰለቶች ሲሰለፉ ኬላው ቀነሰ ማለት አይደለም ወይ አለኝ። ነው። ግን በየት አቅጣጫ ተለካ? አልኩት። በክሩ ርዝመት ብቻ።