ሃያ መልአክ በአንድ ሳምንት

ባለፈው ቅዳሜ ጎንደር ፒያሳ ላይ ዝናቡ ድንገት ሲያወርደው አራት ሆነን አንዲት ጀበና ቡና ቤት ላስቲክ ሥር ተጠጋን። አራት ያልኩት ቡናውን የሚያፈሉትን እትዬን ሳልቆጥር ነው፤ ኋላ እንደምታዩት ግን አለመቁጠሬ ስሕተት ነበር።

አንደኛው ሞባይል ቤት ያለው ወዳጃችን ነው። ሁለተኛው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ ኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ሁላችንም የኔታ የምንላቸው ሰው ናቸው። ሦስተኛው ብራና ላይ የሚጽፍና የሚሥል ልጅ። አራተኛው እኔ።

ነገሩ የተነሣው ልጁ ሳያስበው ባወጣት ወሬ ነው። ከውጭ የመጣ አንድ የአገር ልጅ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሚመስል፣ ፊትና ክንፍ ብቻ፣ ለዘመድ የሚያድለው ሃያ መልአክ በሳምንት ሠርተህ ስጠኝ ብሎት ኖሯል። ልጁ አልችልም ብሎ መልሶታል።

ሞባይል ቤቱ ሲኒውን እንኳ አላስቀመጠም። «አሞሃል እንዴ? አንዱን 1500 ብር ብትይዘው 30 ሺህ ብር እኮ ነው! በአንድ ሳምንት!»

«ቆዳው አይደርስልኝም» አለ ልጁ። «በክረምት ብራና አይደርቅም።»

እውነቱን ነው። የፍየሉ ቆዳ ቀናት ተዘፍዝፎ፣ እንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ጠጉሩም ሥጋውም ተፍቆ ፀሐይ ይጠብቃል። ፀሐይ ከሌለች እርጥበት ይስብና ይረግባል፤ ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ደግሞ ይጨማደዳል። ወዳጃችን ግን ለዚህም መላ አላጣም።

«ወረቀት ላይ ሥራዋ! ሻይ ቀባ ቀባ አድርገህ አስመስለው። ማን ያውቅብሃል?»

«እኔ አውቃለሁዋ!» ብሎ ሳቀ ልጁ።

ይኼኔ የባሰ ጉድ ወጣ። ልጁ ከጥቅምት ጀምሮ ማንም ያላዘዘውን ዳዊት እየጻፈ ነው። መቶኛው መዝሙር ላይ ገና አልደረሰም። ሞባይል ቤቱ ጭንቅላቱን ያዘ። እዚያ ማዶ አንዱ በሠላሳ ሰከንድ ቲክቶክ ስንት ሺህ ሰው እንደሚሰበስብ፣ አሁን ያልታየ ሰው ነገ እንደማይታይ ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትሉኝ ነው» አለ። «ይሂድ። የቤት ኪራይ ግን በመኪና ነው የሚመጣው።»

ሳቅን። የኔታ አልሳቁም።

«ቅኔ ቤት ሳለሁ» አሉ፣ «ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የምቆጥራትን ጉባኤ ቃና ማታ ለመምህሬ እነግራለሁ። ሁለት ቤት ናት። እሳቸው ያርሙኛል፤ በቃ። ነገ ያችኑ ይዤ ብመጣ ያባርሩኛል፤ ሌላ መቁጠር አለብኝ። ያችን ቅኔ ከመምህሬና ከአምስት ተማሪ በቀር የሰማት የለም። ደበሎ ለብሼ፣ ከውሻ ጋር እየተጋፋሁ፣ ቁራሽ ለምኜ ነው የቆጠርኳት። ማን አየኝ? ማን ከፈለኝ?»

ጥሩ ተናገሩ። ሞባይል ቤቱ ግን የዋዛ ሰው አይደለም። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎን ያጎረሰዎ አገሬው ነው። ከፋሲል ጀምሮ፣ ከ1628 ዓ.ም. ማለቴ ነው፣ በዚች ከተማ ሠዓሊውን ቤተ መንግሥትና ደብር ሲቀልበው ኖሯል። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን ሲያሠሩ ባለሙያው በፍቅር ብቻ መጣ? ጉልቱ ነበር፣ ድርጎው ነበር። የዚህ ልጅ ጉልት የታለ?»

ዝም አልን። ላስቲኩ ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሰማል። እኔ በበኩሌ ክርክሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ የጥንቱን ባለሙያ ስናወድስ ጎተራውን የምንረሳ ሰዎች ነንና።

የኔታ ቡናቸውን ፉት አሉ። «እሺ፣ ጉልቱ አበላው። አንተ ግን ሥላሴ ገብተህ ጣሪያውን ቀና ብለህ አይተሃል? የመላእክቱ ፊት አንድ አይደለም። ዓይናቸውን የሚጥሉበት ይለያያል፣ መልካቸው በጥቂት በጥቂት ይለያያል። ሁሉንም አንድ አድርጎ ቢሥል ድርጎው አይጎድልበት። ለያይተህ ሣል ብሎ ማን አዘዘው?»

«እኔ እዚያ ስገባ አንገቴን ደፍቼ ነው፤ ጣሪያ አላየሁም» አለ ወዳጃችን። የኔታም በዚህ ሳቁ።

እትዬ እስከዚህ ድረስ ፍሙን እያራገቡ ነበር። ማራገቢያቸውን አስቀመጡ።

«እናቱን የጠየቀ አለ?»

ሁላችንም ዞርን።

«ጎረቤቴ ናት። ይህ ልጅ ዳዊት ሲጽፍ የሚያመሸው እሷ ጠላ ጠምቃ ባመጣችው እራት ነው። ፍቅር ፍቅር ትላላችሁ። ፍቅሩ የእሱ ነው፤ ጌሾው ግን የእሷ።»

ልጁ ፊቱ ተለወጠ። ለረጅም ጊዜ ሲኒውን ሲያሽከረክር ቆየና፣ ለዘንድሮው ጥምቀት እንግዳ አርባ ፊት በጥድፊያ ሠርቶ መሸጡን ነገረን። ገንዘቡን ለእናቱ ሰጥቷል፤ ጥሩ ገንዘብ ነበር። «ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ወር ሙሉ እጄ ሌላ ፊት እምቢ አለኝ። ዳዊቱ ላይ ያወጣሁት መልአክም ያንኑ የገበያውን ፊት ይዞ መጣ።»

ከጃኬቱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ የብራና ቅጠል አወጣ። ከላይ ሐረግ ተጥሎበታል፤ ቀይና ቢጫው እርስ በርሱ እየተጠላለፈ ወርዶ ጫፉ ላይ ይቋጠራል። ከሥሩ መልአክ መሆን የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። በምላጭ ፍቆ አጥፍቶታል። ጣቴን ሳሳልፍበት ሻከረኝ፤ ወደ ብርሃን ሳነሣው እዚያ ቦታ ላይ ቆዳው ሳስቶ የእጄ ጥላ ያሳያል።

እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ ግጥም እጽፍ ነበር። ሦስቱን ለአንድ ጋዜጣ ልኬ፣ ሳይወጡ ሲቀሩ ተውኩ። ማንም አልበደለኝም፤ የምፈልገው መነበቡን እንጂ መጻፉን አልነበረም። ስለዚህ ያችን የተፋቀች ቦታ ሳይ ይህ ልጅ ከእኔ ዓይነቱ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

ፍርዴን ጠየቁኝ፤ ተናገርኩ። ሞባይል ቤቱ ስለ ገንዘቡ ልክ ነው፣ ስለ ሳምንቱ ግን አይደለም፤ ሁለቱን አንድ ነገር አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የኔታ ስለ ጣሪያው ልክ ናቸው፤ ግን እሳቸው ሲለምኑ ውሻ የነከሰው የራሳቸውን እግር ነው እንጂ የእናታቸውን አይደለም። እኔ የማደላው ለእትዬ ነው። ልጁም ወደ ሰውየው ይደውል፤ ሃያ ሳይሆን አምስት፣ ፊታቸው የተለያየ፣ ፀሐይ ስትወጣ ለመስቀል የሚደርሱ፣ ዋጋቸውም እጥፍ ይሁን። ቀብዱ ቀጥታ ጌሾ ይግዛ። ዳዊቱን ግን ለማንም አያሳጥር።

«ሰውየው ነሐሴ ላይ ይሳፈራል» አለ ሞባይል ቤቱ።

«በዘመድ ይላክለታል» አሉ እትዬ።

ልጁ ስልኩን ይዞ ላስቲኩ ጫፍ ድረስ ወጣ። «አምስት» ሲል ሰማሁት፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አዳመጠ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቅጠሉን መልሶ ጠቅልሎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተና በእጁ ሰላም ብሎን ወደ ሰፈሩ ወረደ።

የሁላችንንም ቡና የከፈለው ሞባይል ቤቱ ነው።